ከግጭት በኋላ ኢኮኖሚና ሰላም፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃንም ይሁን ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ፣ ሰው ሲሰባሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል፤ ሰላም እና ኑሮ። ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የምናወራቸው። እኔ ግን አንዱን ያለ ሌላው ማየት አልችልም። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን በተቻለኝ መጠን ሳላወሳስብ ጽፌዋለሁ።

ተኩሱ ሳይቆም ስለ ማገገም ማውራት ምን ይረባናል?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ የሚጠይቀውም የደከመው ሰው ነው። አጣዬ በመጋቢት 2011 ተጠቃች። በ2013 ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ተጠጋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። እፎይ ሳንል በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሳ። ለብዙ ቀበሌ "ከግጭት በኋላ" የሚባለው ጊዜ ገና አልመጣም።

ቢሆንም ኢኮኖሚው ሰላም እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ገበሬው ማዳበሪያ የሚፈልገው የእርሻ ወቅት ሲደርስ ነው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ዕድሜው እየሄደ ነው። ዛሬ የሚወጣ የበጀት ውሳኔ ነገ ጠመንጃውን ማን እንደሚያስቀምጥ ይወስናል። ብዙ አገሮች የተቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። የሰላም ሰነዱ ተፈርሞ ካበቃ በኋላ ነው "ገንዘቡ ከየት ይምጣ?" ማለት የሚጀምሩት። ያን ጊዜ ወራት ይባክናሉ። ሰው ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚያደርገው ደግሞ በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ነው።

የዶላር ዋጋ ከእኛ ሰላም ጋር ምን አገናኘው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ፕሮግራም አጸደቀ።

ውሳኔው ያለ ምክንያት አልመጣም። በባንክና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ትልቅ ገደል ነበር። ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ይጎዳ ነበር። አገሪቱ ራሷ በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። የሸዋ ሮቢትና የቀወት ገበሬም ከለውጡ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ማሾ ወደ ውጭ የሚሸጥ ሰብል ነውና።

የሚያሳስበኝ ሌላው ጎን ነው። ማዳበሪያ፣ ነዳጅና መድኃኒት በዶላር ነው የሚገቡት። የቆርቆሮና የሚስማር ጥሬ ዕቃም እንደዚያው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቆርቆሮ ልግዛ ብሎ የወጣው ዋጋው ሰማይ በነካበት ሰዓት ነው። ሌላው ጋ የኑሮ ውድነት የሆነው እሱ ጋ ሲደርስ ሌላ ክረምት በላስቲክ ስር ማሳለፍ ይሆናል። አንድ ፖሊሲ ሁሉንም እኩል አይነካም። የማዳበሪያ ድጎማ ተመድቧል፤ ጥሩ ነው። ግን ድጎማው የተመደበው ለሁሉም ገበሬ ነው። በሬው የተዘረፈበት ሰው በምን ያርሳል? ማሻሻያው ሲወጣ ግጭት የጎዳቸው ወረዳዎች ለብቻቸው ምን እንደተያዘላቸው መጠየቅ መብታችን ነው።

ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ያውቃል?

ብዙ አሉ። እኔን ከሁሉ የምታስደንቀኝ ኤል ሳልቫዶር ናት። ትንሽ የመካከለኛው አሜሪካ አገር ናት። 12 ዓመት እርስ በርሷ ተዋጋች፤ ወደ 75 ሺህ ሰው አለቀ። ጥር 16 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ቻፑልቴፔክ ላይ ሰላም ተፈረመ።

የጦርነቱ አንዱ ሥር መሬት ነበር። ጥቂት ቤተሰቦች ለም መሬቱን ይዘው ሌላው ጭሰኛና የቀን ሠራተኛ ነበር። ይህ ታሪክ ለእኛ አያቶች እንግዳ አይደለም። ስለዚህ በሰላሙ ውል መሠረት 47,500 ያህል ሰዎች በብድር መሬት እንዲያገኙ ታቀደ። ከሁለቱም ወገን የተዋጉ አሉበት። በጦርነቱ ጊዜ ባለቤቱ የሸሸውን መሬት ይዘው ያረሱ ገበሬዎችም አሉበት።

ያው መንግሥት ግን በሌላ እጁ ሌላ ውል ይዞ ነበር። ለገንዘብ ድርጅቱና ለዓለም ባንክ የበጀት ጉድለት እቀንሳለሁ፣ ወጪ እቆጥባለሁ ብሎ ነበር። የሰላሙን ውል ያደራደረው የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ የገንዘቡን ውል የያዙት አበዳሪዎቹ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በቅጡ አልተመካከሩም። ሁለቱ ውሎች ግን የሚከፈሉት ከአንድ ካዝና ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? የመሬቱ ጉዳይ ተጓተተ። አዲሱ የሲቪል ፖሊስ ገንዘብ አጠረው። መሬቱ ሲጓተት አማፂያኑ ትጥቅ መፍታታቸውን አዘገዩ። በጥቅምት 1992 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት እንደገና ገብቶ የመሬቱን ዕቅድ ባያስተካክል ኖሮ ሰላሙ አደጋ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። "ገንዘብ የለም" የሚለው መልስ ሁልጊዜ ሙሉ እውነት አይደለም። ኤል ሳልቫዶር ከሀብታሞቿ የምትሰበስበው ግብር በጣም አነስተኛ ነበር። የሰላሙ ሂሳብ ወጪ ከመቀነስ ብቻ ሳይሆን ግብሩን ካልሰጠው ሰው ከመሰብሰብም ሊመጣ ይችል ነበር።

እኛም ጋ ሁለት ሰነድ አለ። አንዱ የሰላም ነው፣ የፕሪቶሪያው፤ ሌላው የገንዘብ፣ ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር የተያዘው ፕሮግራም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው እንዲነበቡ ነው የምመኘው።

ጠመንጃ የያዘ ሰው ብር የሚሰጠው ለምንድን ነው? ያልያዘውስ?

ይህን ጥያቄ በቁጣ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ ቁጣቸው ይገባኛል። "ልጄን ቤት ያዝኩት፣ እሱ ምንም አላገኘም" የሚል አባት መልስ ይገባዋል።

ለተዋጊ ገንዘብ የሚሰጠው እንደ ሽልማት አይደለም። ከመሣሪያ በቀር መተዳደሪያ የሌለው ሰው ወደ መሣሪያው ይመለሳል። ይህ በተግባር የታየ ነው። ሞዛምቢክ በጥቅምት 1992 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ሰላም ስትፈርም የ16 ዓመት ጦርነት ነበር ያበቃችው። ከ90 ሺህ በላይ ተዋጊዎች ተሰናበቱ። እያንዳንዱ ለሁለት ዓመት የገንዘብ ድጋፍ እንዲያገኝ ተደረገ። ብሩ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን በየወቅቱ ይደርስ ነበር፤ ሰውየውም ወደ መንደሩ ሲመለስ ባዶ እጁን አልነበረም። ዘመዱ ላይ ሸክም አልሆነም።

የእኛም ታሪክ አለ። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮችን ወደየቤታቸው መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ ነበር። ገጠር ለገባው እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ ይሰጠው ነበር። ከተማ የቀረው ይበልጥ ተቸግሯል፤ የዕለት ጉርሱን ፍለጋ የተንከራተተውን ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነዋል። ያሁኑ ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን የተቋቋመው በኅዳር 2015 ነው። በተለያዩ ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ ለማቋቋም አቅዷል።

ያልያዘውስ? እኔ የምለው ድጋፉ ለተዋጊው ብቻ ከሆነ ሌላ ቂም ይዘራል። የተመለሰው ሰው ያለበት ቀበሌ ሁሉ የሚጠቀምበት ነገር አብሮ መምጣት አለበት፤ ጉድጓድ ውኃ፣ የወፍጮ ቤት መብራት፣ የመስኖ ቦይ። ጎረቤቱ "የእሱ መመለስ ለእኔም ጠቀመኝ" እንዲል።

እርዳታ ራሱ ለምን ጠብ ያስነሳል?

የሚሰጠውን መጠን ሳይሆን የአሰጣጡን መንገድ ስለምናይ ነው።

የቆርቆሮ እደላ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል። ሰው በጣቱ እየተከተለ ስሙን ይፈልጋል። ስሙን ሲያገኝ ግን አይሄድም። ወደ ላይ ተመልሶ የሌሎቹን ማንበብ ይጀምራል። "እገሌ እኮ ቤቱ አልተቃጠለም።" "የኮሚቴው አማች ነው።" አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ጥርጣሬ ነው። ዝርዝሩ እንዴት እንደተሠራ ያስረዳ ሰው ከሌለ ግን እውነቱም ጥርጣሬውም እኩል ይናከሳሉ። እኔ ባየሁት እደላ ላይ አንዲት እናት የጠየቁት ስንት ቆርቆሮ እንደሚደርሳቸው አልነበረም። "ማን ነው የጻፈው?" ነበር ያሉት።

ይህ በሁለት ቤት መካከል ሲሆን ጭቅጭቅ ነው። በሁለት ወረዳ ወይም በሁለት ብሔረሰብ መካከል ሲሆን ወደ ደም ይሄዳል። አጣዬና ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢትና ሰንበቴ ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ከተማ ትምህርት ቤት ተሠርቶለት ሌላው ፍርስራሹን ካየ "መንግሥት የእነሱ ነው" ይላል። ስለዚህ ከግጭት በኋላ የሚወጣ ብር ሁለት ጊዜ መመርመር አለበት። አንድ ጊዜ፣ ምን ያህል ነው ተብሎ። ሁለተኛ፣ ማን ጋ ደረሰ፣ ያልደረሰውስ ምን ያስባል ተብሎ። ሁለተኛው ምርመራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ከጉዳት መጠን ጋር የማይሄድ እኩልነትም ፍትሕ አይደለም። ይበልጥ የተጎዳው ይበልጥ ይውሰድ። ሚዛኑ ግን አስቀድሞ በአደባባይ ይነገር። ዝርዝሩን ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሽማግሌዎች ይዩት። አቤቱታ የሚቀበል ሰውም ስሙና ቦታው ይታወቅ።

ገበያ ሰላም ያመጣል?

ብቻውን አያመጣም። ሰንበቴ ገበያ ያለበት አገር ገበያ ሰላም አያውቅም ብሎ መከራከር ግን ይከብዳል።

ሰንበቴ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ገበያዋ እሑድ ነው። ከቆላው አፋሩ ግመልና ፍየል ይዞ ይመጣል። አርጎባው ሸማውን ያወጣል። ኦሮሞው ከብቱንና ማሽላውን፣ ከደጋ የወረደው አማራ ገብሱንና ባቄላውን ያቀርባል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ በአንድ ጥላ ስር ይሰማል። ብዙዎቹ ሁለት ሦስቱን ይናገራሉ።

ከብት ሲሸጥ ዋስ ይጠራል። ገዢው ሻጩን ካላወቀው በሬው የስርቆት እንዳልሆነ የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል። ዋሱ ደግሞ ሁልጊዜ የሻጩ ወገን አይደለም። ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሌላው ቋንቋ። ግጭት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ሰው ነው። ገበያው ቢከፈትም ዋስ ከሌለ ከብት አይሸጥም፣ ዋጋ ይሞታል፣ ሰው በየወገኑ ትንንሽ ገበያ ያቋቁማል። አንዴ ከተለያዩ እንደገና መገናኘት ዓመታት ይወስዳል።

ስለዚህ ለገበያ የሚወጣ ገንዘብ ለእኔ የሰላም ወጪ ነው። የጋራ የከብት በረት፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የታመነ ሚዛን፣ ከሁሉም ወገን የተመረጠ የገበያ ኮሚቴ፣ ሰው ሳይመሽበት የሚመለስበት የትራንስፖርት ሰዓት። እነዚህ ከትልቅ ፕሮጀክት ጋር ሲነጻጸሩ በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስላልሆነ ነው መሰለኝ ብዙ ጊዜ ወደኋላ የሚቀሩት።

መንገድ ሲዘጋ ኢኮኖሚው ምን ይሆናል?

የሸዋ ሮቢት ቲማቲምና ሽንኩርት መኪና ካላገኘ እዚያው ይበሰብሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ዋጋው ይንራል። ሁለቱም ይጎዳሉ። የጭነት መኪና ባለቤት ኬላ በበዛ ቁጥር፣ እገታ በተሰማ ቁጥር ኪራዩን ይጨምራል፤ ጭማሪውን የሚከፍለው ገበሬውና ሸማቹ ነው። በአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሃራ ገበያ መካከል የተዘረጋው ባቡር ሥራ ሳይጀምር ጦርነት ጎድቶታል። እሱ ሥራ እስኪጀምር ሁሉም ነገር በአንዱ አስፋልት ላይ ነው።

ፋብሪካ ቢበዛ ወጣቱ አይረጋጋም?

ደብረ ብርሃን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። ድሮ ስሟ የሚነሳው በብርድ ልብስ ፋብሪካው ነበር። ዛሬ ቢራውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ ሌላውም ሞልቷል። ሥራ ያገኘ ወጣት አለ፤ ይህን መካድ አይገባም።

ፋብሪካ ግን በጦርነት በቀላሉ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገቡበት ዕድል፣ አስወጣች። ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይልኩ የነበሩ የኢንዱስትሪ ፓርክ ድርጅቶች ገበያቸው ተመታ፤ ሠራተኛ ተቀነሰ። ሞዛምቢክም የራሷን አይታለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ግፊት ጥሬ ካሹ እንደልብ ወደ ውጭ እንዲሸጥ ተፈቀደ። አገር ውስጥ የሚፈለፍሉት ፋብሪካዎች ተዘጉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ከጦርነት በወጣች አገር ላይ ሥራ አጡ። የኢኮኖሚ ምሁር ውሳኔውን በወረቀት ላይ ትክክል ሊለው ይችላል። ጊዜው ግን ትክክል አልነበረም።

ከዚህ ሌላ፣ የመንዝ ወጣት ሁሉ ደብረ ብርሃን ሊገባ አይችልም። የመንዝ በግ፣ የምንጃር ጤፍ፣ የቀወት መስኖ ባሉበት ቦታ እሴት ካልጨመሩ ሥራው ከተማ ውስጥ ተከምሮ ይቀራል።

ተፈናቃዮችን እየረዳን እስከ መቼ?

ደብረ ብርሃን በቻይና ካምፕና በሌሎች መጠለያዎች ከወለጋ የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን አስጠልላለች። ከተማው እንጀራውን ተካፍሏል። የቤት ኪራይ ናሯል፤ የቀን ሥራ ዋጋ ወርዷል የሚል ቅሬታም አለ። ቅሬታውን መስማት ማንንም መጥላት አይደለም።

ችግሩ ራሽን ብቻ መስጠታችን ነው። ዓመታት ስንዴ እየጠበቀ የኖረ ገበሬ ገበሬነቱ ይሰበራል። መመለስ የሚፈልግ ደኅንነቱ ተረጋግጦለት ይመለስ፤ ማንም በግድ አይጫን። መቅረት የሚፈልግ ደግሞ መታወቂያ፣ ብድርና የመሥሪያ ቦታ ያግኝ። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ በቡድን ዋስትና ማበደር የጀመረው ለመያዣ የሚሆን ነገር የሌለውን ሰው ብሎ ነው። ያ አሠራር ለተፈናቃይም ይሆናል።

ያለ ካሳ እርቅ ይቻላል?

በእኛ ባህል አይታወቅም። ደም ሲደርቅ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ገዳዩ ወገን ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይከፈላል። ካሳው የሞተውን አይመልስም። "በደላችሁ" የሚለው ቃል ዋጋ እንዲኖረው ግን ያደርጋል። በወሎ በኩል አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ነው የሚሠሩት።

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። እውነት ማውጣት፣ ተጠያቂነት፣ ካሳና እርቅ ሁሉም አሉበት። ካሳው ላይ ነው የምፈራው። ክስ መመሥረት ዳኛ ይጠይቃል፤ ካሳ ደግሞ በጀት። ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ቢያንስ ጉዳቱ ተመዝግቦ ወረቀት እጁ ላይ ሊኖር ይገባል። ወረቀት ያላችሁ ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የሌላችሁ ምስክር ሳይበተን አስመዝግቡ።

እኔ ተራ ሰው ነኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

በጀት ጠይቁ። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነም ነው መከታተል የሚቻለው። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች በጀታቸውን ሰው በሚያነበው መንገድ ሰሌዳ ላይ የመለጠፍ አሠራር አላቸው። ሄዳችሁ አንብቡ። ካልተለጠፈ ለምን እንዳልተለጠፈ ጠይቁ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከዕድራችሁ ሁለት ሦስት ሰው ያዙ። ከተቻለ አንዱ ከጎረቤት ቀበሌ ይሁን። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ያን ጊዜ ግን ቁጥሩ ተወስኖ አልቋል፤ ጥያቄያችሁ መድረስ ያለበት የቀበሌው ዕቅድ በሚሰበሰብበት በበጋው ነው።